የጠፋ ድንጋይም ፋይል አለው

ባለፈው ቅዳሜ ሙሉ ቀን ድንጋይ ስፈልግ ዋልኩ። ስኮትላንድ ውስጥ ካለችው ከአበርዲን ከተማ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ፣ ከ4000 ዓመት በፊት የቆመ፣ ዛሬ ግን በቦታው የሌለ የትክል ድንጋይ ክብ ነው የፈለግኩት። ሳገኘው ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አንጀቴ አረረ። የምጽፍላችሁ ስለ ማረሩ ነው።

በከተማዋ ዙሪያ ባለው አበርዲንሺር በሚባለው አካባቢ ውስጥ ለየት ያለ ዓይነት የድንጋይ ክብ አለ፣ ከ70 በላይ ይታወቃሉ። ድንጋዮቹ ዙሪያውን ይቆማሉ፤ ትልቁ ግን በደቡብ ወይም በደቡብ ምዕራብ በኩል ይጋደማል፣ ግራና ቀኙን ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ይዘውት። ኦልድ ኪግ በሚባለው ቦታ የተጋደመው 50 ቶን ገደማ ይመዝናል። ብዙ ክቦች ግን በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን እርሻ ሲስፋፋ ተነቅለዋል። ድንጋያቸው ተፈልጦ ካብ ሆነ፣ የቤት መሠረት ሆነ።

እኔ የሄድኩት ከተነቀሉት ወደ አንዱ ነው። የሰው ማሳ ስለሆነ ስሙን አልጽፍም። ቦታውን ያገኘሁት ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የ1860ዎቹን ካርታዎች በነጻ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፤ አሮጌውን ካርታ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ደርቦ ያሳያል። ማሳው መሀል ትንሽ ጽሑፍ አየሁ፦ «የድንጋይ ክብ የነበረበት»። ልብ በሉ፣ የነበረበት! ቀያሾቹ ሲመጡ ድንጋዮቹ የሉም። ግን ያገሩን ሰው ጠይቀው የሌለውን ነገር ቦታ ካርታ ላይ አተሙት። የቀያሾቹ መዝገብ ራሱ ዛሬ ይነበባል፤ የየቦታውን ስም አጠራር የነገሯቸው ገበሬና ቄስ ሳይቀሩ በስማቸው ሰፍረዋል።

ስደርስ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ከዚያ የሽቦ አጥር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ ስላላቸው ሰብል እስካልረገጥክና ንብረት እስካልነካህ ድረስ በሰው መሬት ላይ መራመድ መብትህ ነው። እኔ ግን ያገሬ ልማድ አለቀቀኝም፣ ሰው ሳላስፈቅድ መግባት ከበደኝና በማሳው ዳር ዳር ስዞር ባለማሳው በትራክተር መጣ። ሽማግሌ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። «ድንጋዮቹን ነው?» አሉና ወደ ካቡ ወሰዱኝ። ከትንንሾቹ ድንጋዮች መሀል ከእኔ ቁመት የሚበልጥ አንድ ድንጋይ በጎኑ ተኝቷል፣ የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። «አያቴ ይሄን አትንኩ ይሉ ነበር፣ የነካው ከብቱ ያልቅበታል» አሉኝ።

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። የእኔም አያት ይህንኑ ነበር የምትለው።

ሶዶ ውስጥ፣ ከአያቴ እንሰት ጓሮ ጀርባ አንድ ትክል ድንጋይ ወድቋል። ሰይፍ ተቀርጾበታል፣ እንደ ጢያዎቹ። ልጆች ሆነን ልንቀመጥበት ስንል «የግራኝ ድንጋይ ነው፣ ውረዱ!» ትለን ነበር። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ 36 ድንጋይ አለው። በሶዶ አካባቢ ደግሞ 160 ገደማ እንዲህ ያሉ ቦታዎች እንደተገኙ ዩኔስኮ ጽፏል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ለእረፍት ስገባ የአያቴ ድንጋይ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ልጠይቅ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ፎቶ ይዤ፣ ሜትር ይዤ።

«ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ።» ቀበሌ ሄድኩ፣ «እኛን አይመለከትም።» ተመለስኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በነጋታው መጣሁ፣ አሁንም ስብሰባ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ባለሙያ ፎቶውን እንኳ ሳያይ «ለምንድነው የፈለግከው? ልትሸጠው ነው?» አለኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ከ14 ቀን እረፍቴ ሦስቱን የበላው ይሄ ነው። እናቴ ጋ ቁጭ ብዬ ቡና የምጠጣባቸው ቀናት ነበሩ። ያገሬን ድንጋይ ይመዝገብልኝ ያለ ሰው እንዴት ሌባ ይባላል? ማንም ቢሆን በዚህ ሁኔታ ሁለተኛ አይሄድም። ድንጋዩም አንድ ቀን መሠረት ውስጥ ይገባና ነበረ የሚል ሰው እንኳ አይኖርም።

እዚህ ግን ሽማግሌውን አመስግኜ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ የሀገሪቱን የቅርስ መዝገብ በስልኬ ከፈትኩ። የሌለው ክብ ቁጥር አለው። ማን መቼ እንዳየው ተጽፏል። ስህተት ሲገኝ ደግሞ ይታረማል፤ ሎኸል ከሽኒ የተባለ ሰበካ ውስጥ የተገኘ ክብ ጥንታዊ ነው ተብሎ ከተነገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የቀድሞው ባለመሬት በ1990ዎቹ ራሴ ነኝ የሠራሁት ሲል፣ ባለሙያዎቹ ሳያፍሩ ለሕዝብ ተናገሩ። ደብዳቤ አምጣ ያለኝ የለም። ቀኑን ሙሉ ማን ነህ ብሎ የጠየቀኝም የለም።

ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ የአያቴ ድንጋይ አለ?» አልኩት። «የት ይሄዳል ልጄ?» አለኝ። እንዲለካልኝ ለመንኩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወለ። አራት ክንድ ከስንዝር። ሰይፎቹ አምስት ናቸው፣ አንደኛው ጫፉ ተሸርፏል። ቀኑን፣ የአጎቴን ስምና ያለኝን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።