«የእነሱ ጉዳይ» አይደለም

አንድ ጸሐፊ የሌላ አገር ጭቆና «የእነሱ ጉዳይ ነው» ብለዋል። እኔ በፍጹም አልስማማም። ያደግኩት ጅማ፣ ሂርማታ ነው። በደርግ ጊዜ አባቴ ማታ በሩን ቆልፎ፣ ራዲዮኑን ጋቢ ውስጥ ሸፍኖ፣ ጆሮውን ለጥፎ የጀርመን ድምፅን ይሰማ ነበር። እኛ ልጆች ትንፍሽ አንልም። ከሩቅ ሆኖ የሚያስበን ሰው መኖሩ ብቻ ፊቱን ያበራው ነበር።

ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የእስያዋ አገር የማይናማር ጦር ሥልጣን ሲነጥቅ፣ የትልቋ ከተማዋ የያንጎን ሰዎች በማግስቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለተቃውሞ ከየቤታቸው ድስትና መጥበሻ መቀጥቀጥ ጀመሩ። እዚያ ልማዱ ክፉ መንፈስ ማባረሪያ ነው። ቪዲዮውን ለእናቴ አሳየኋት። ቡና እየቀዳች ነበር፤ ጀበናውን አስቀምጣ «አይዟችሁ ልጆቼ» አለች። ቋንቋቸውን አታውቅም። ድስቱ ግን ገብቷታል። እባካችሁ፣ እዚያ የታሰሩትን ሰዎች ስም መጥራት አናቁም።