ዝም ብለህ ከምትቀመጥ

«አሁን ትንፋሻችሁን ተመልከቱ» አለች አሠልጣኛችን ከኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ዐይኗን እንደ ጨፈነች። ተመለከትኩ። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከንጋቱ 12፣ ከተማው ደብረ ብርሃን ነው። ትንፋሼ እንደ ማድቤት ጭስ እየተጥመለመለ ወጥቶ መነጽሬን አደበዘዘው። በየአገሩ ያሉት የትምህርት ጓደኞቼ ትንፋሻቸውን በውስጥ ዐይናቸው ለማየት ሲታገሉ እኔ በመጀመሪያው ቀን በግላጭ አየሁት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መኖር እንዲህ ያለ ብልጫም አለው።

እየሠለጠንኩ ያለሁት በዮጋ ትውፊት የሜዲቴሽን መምህር ለመሆን ነው። ነገሩ የጀመረው ሐኪም ደም ግፊቴን ለክቶ «አንተ ሰው፣ ትንሽ ረጋ በል» ካለኝ በኋላ ነው። ረጋ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እኛ ግን መማር ሳንጀምር ማስተማር የሚያምረን ሕዝብ ነንና መርጋቱን ዘልዬ አረጋጊ ለመሆን ተመዘገብኩ። ሥልጠናው 200 ሰዓት ነው። በአገራችን የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየተሟገተ ዓመታት ይገፋል፤ ያም ሆኖ መምህር ሲሉት ይሽኮረመማል። እኔ በቀን 8 ሰዓት ብሠራ በ25 ቀን መምህር ነኝ። (የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ማስላት አይቀርልኝም።)

የትምህርቱ መሠረት በጥንቱ ሕንዳዊ በፓታንጃሊ ስም የሚታወቁት 196 አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ላይ ነገሩን ይጨርሰዋል፤ ዮጋ ማለት የአእምሮን ሞገድ ማስቆም ነው ይላል። የቀሩት «እንዴት ተደርጎ?» ብሎ ለሚከራከር ሰው የተጻፉ ይመስለኛል። መንገዱ ስምንት እርከን አለው። ከሥነ ምግባር ይነሣና በአቀማመጥ፣ በአተነፋፈስ፣ ስሜትን ከውጭው ዓለም በመሰብሰብ፣ በአንድ ነገር ላይ በማተኮር አድርጎ ሜዲቴሽኑ ዘንድ የሚደርሰው ሰባተኛው ላይ ነው። ዮጋ ሲባል ሰው ዐይኑ ላይ የሚመጣበት እግርን ከማጅራት በላይ ማንጠልጠል ነው። ፓታንጃሊ ግን ስለ አቀማመጥ የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጸና ይሁን፣ የተመቸ ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አሠልጣኟ የማይረጋ አእምሮን ሁልጊዜ በዝንጀሮ ትመስለዋለች። ዮጋን ለምዕራባውያን ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ስዋሚ ቪቬካናንዳማ ዝንጀሮውን አስክሮ፣ አልበቃ ብሎት በጊንጥ አስነድፎታል። ይህን የሚሉት የጣርማ በርን ጭላዳ ስላላዩ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ኑሮው ሣር ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ በመቀመጫው ተደላድሎ፣ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ይውላል። ፊቱ ያለው ሲያልቅበት እንኳን አይነሣም፤ እንደ ተቀመጠ ፈቀቅ ይላል። የጸና፣ የተመቸ። ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ለዚሁ የተሰጠችው ኒሻን ትመስላለች።

ወደ ተግባሩ ስንገባ የደብረ ብርሃን አየር ከትምህርቱ ጋር አልስማማም አለ። ናዲ ሾዳና የሚባል አተነፋፈስ አለ፤ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣት ዘግቶ በሌላው መሳብ፣ ከዚያ ማፈራረቅ ነው። የእኔ ግራው ከመስከረም ጀምሮ ያለማንም ጣት ተዘግቷል። ኔትወርኩም የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ቀን አሠልጣኟ ዐይኗን ጨፍና፣ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ረግቶ፣ ቅንድቧ እንኳን ሳይነቃነቅ ቆየች። እኔም ቆየሁ። እንደዚያ ያለ ጥልቅ ጸጥታ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም። ከ40 ደቂቃ በኋላ ዐይኔን ብገልጥ ለካ ኔትወርክ ተቋርጦ ኖሯል፤ ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ተሰናብቷል። እስካሁን ከቆጠርኳቸው ሰዓታት የረባው ያ ነው።

የምኖረው አክስቴ ዘንድ ነው፤ የመንዝ ሰው ናቸው። የሕንዶቹ መቁጠሪያ 108 ፍሬ እንዳለው ብነግራቸው የራሳቸውን ባለ 41 እያሻሹ «ከእኛ ይልቅ ጊዜ አላቸው ማለት ነው» አሉ። አንድ ማታ ማንትራ፣ ማለት በሜዲቴሽን ጊዜ እየደጋገሙ የሚሉትን ቃል፣ እየተለማመድኩ ነበር። «ሶሃም» የሚባለው ነው፤ ትንፋሽ ሲገባ «ሶ»፣ ሲወጣ «ሃም» ይባላል። «ሶ…» አልኩ፣ ደረቴን እየነፋሁ። «ሶ…» ጥቂት ቆይቶ አክስቴ ከጓዳ በሳሕን በሶ ጨብጠው ይዘው መጡ። «ተርበህ ከሆነ ሙሉውን በሶ አትልም? ምን ግማሹን ያስውጥሃል!» ማንትራዬን በላሁት።

በስድስተኛው ሳምንት የቤት ሥራው ዝምታ ሆነ። ማውና ይባላል፤ ከንጋት እስከ ቀትር ቃል አለመተንፈስ፣ በምልክትም አለመግባባት። ቅዳሜ ማለዳ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ሰሌን ላይ፣ ግድግዳ ሥር ዐይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ መተዌ ነው ጥፋቱ። በእኛ አገር በማለዳ ጋቢ ተከናንቦ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንዳገኘው የሚጠፋው የለም፤ መርዶ የሚነገረው በዚያው ሰዓት ነው። እርሾ ልትዋስ የመጣች ጎረቤት ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ምነው? ደኅና አይደለህም?»

ዝም።

«ሰው ደኅና አይደለም እንዴ?»

አሠልጣኟ «የሚመጣውን ድምፅ አትግፉት፣ አትከተሉትም» ብላናለች። አልገፋሁም፣ አልተከተልኩም። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ «ወይኔ!» የሚል ሲሆን ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎታል።

በሩብ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ሞላ። የዕድራችን ዳኛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አግዳሚ ወንበሮች ሲጎተቱ፣ ድስት ሲጣድ ይሰማኛል። አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን እያሻሹ «አልቅስ ልጄ፣ ይውጣልህ፤ ሰውን የሚገድለው እንዲህ ዝም ማለት ነው» አሉኝ። ከ196ቱ ዐረፍተ ነገሮች ለእኒህ እናት መልስ የሚሆን አንድም አላገኘሁም። ሰዓቱ ገና 2 ነው። በዝምታዬ ለመጽናት የበለጠ ዐይኔን ስጨፍን፣ ሐዘኔ እየከበደ መሄዱን ሁሉም መሰከረ።

ለቅሶው ከደመቀ በኋላ ነው የሞተው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ትዝ ያላቸው። ተመካከሩ። «አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ይሆናል እንጂ ሌላ ማን አለው» ተባለና ስልክ ተደወለ። ስልኩን ያነሣው ወንድሜ ራሱ ነው። ከወዲህ በኩል እሪታውን ሰምቶ «ማን ሞተ?» ቢላቸው «አንተ መስለኸን ነበር» አሉት። ያን 130 ኪሎ ሜትር እንዴት እንደበረረው እንጃ፣ ልክ 6 ሰዓት ሲሆን እሱም ከበሩ ገባ፣ እኔም ዐይኔን ገልጬ «ማንም አልሞተም» አልኩ።

የተቀቀለው ንፍሮ ተበላ። ዳኛው ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው «መጀመሪያውኑ አትናገርም ነበር?» አሉኝ። የነገሩ ዓላማ አለመናገር እንደሆነ ማስረዳት ጀምሬ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደግሞ ሰኔ 14 የዓለም የዮጋ ቀን ይሁን ብሎ በ2007 ዓ.ም. ወስኗል። ሰኔ! አገሬው ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ በሚባክንበት ወር ተቀመጡ ሲባል፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ የሸዋ ገበሬ አልነበረም ማለት ነው። ሰኔና ሰኞ የገጠመ ዓመትማ አያድርስ።

አሁን ለምረቃ የቀረኝ የማስተማር ልምምድ ነው። ቢያንስ ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት አስተምሬ በቪዲዮ መላክ አለብኝ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን እኔ ባለሁበት ዐይኑን የሚጨፍን ጎረቤት ጠፋ። የቀሩኝ አክስቴ ናቸው። ግቢው ውስጥ ገብስ አስጥተው፣ ረጅም ዘንግ ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኬን አጥሩ ላይ አስደግፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩና በመምህር ድምፅ ጀመርኩ።

«አክስቴ፣ ሐሳብ ሲመጣ አይጣሉት። መምጣቱን ልብ ይበሉና ቀስ ብለው ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ።»

«እሽ!» አሉ።

ደስ አለኝ። እንዲህ በቶሎ የሚታዘዝ ተማሪ አላገኝም ብዬ ነበር። ለካ ለዶሮዋ ኖሯል።

«አሁን ዐይንዎን ይጨፍኑ።»

«እኔ ስጨፍን ገብሱን ማን ያይልኛል?» አሉና ዘንጉን አቀበሉኝ። «ይልቅስ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ስጡን ጠብቅልኝ፤ ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ።»

ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ወገቤን ያዘችኝ። ግራው አፍንጫዬ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። ሐሳቦች መጡ፣ አልተጣላኋቸውም። የሚጫጭር ድምፅ መጣ፤ አልገፋሁትም፣ አልተከተልኩትም። ሌላም ድምፅ ተጨመረ፣ ቆርጠም ቆርጠም የሚል፤ እሱንም አሳለፍኩት። ያን ቀን ሰባተኛው እርከን ዘንድ ደርሼ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ዐይኔን ስገልጥ አክስቴ ዱቄታቸውን እንደ ተሸከሙ ፊቴ ቆመዋል። ስጡ ላይ ስድስት ዶሮዎችና አንድ የጎረቤት ፍየል አሉ። አክስቴ ፍየሉን አዩ፣ ገብሱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እኔ ምልህ» አሉ በመጨረሻ፤ «ያ 200 ሰዓት የምትለው፣ ዶሮ እሽ ማለት የሚያስተምሩት ስንተኛው ላይ ነው?»