ቀይ እስከሆነ ድረስ

የመኪና ኮፈን ሲከፈት ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከብበው የሚቆሙ ሰዎች አሉ። ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሣሁት። ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ፣ ሳይከፈላቸው ይፈርዳሉ። ነገሩ የሞተር ከሆነ እንኳ ትንሽ ይከራከራሉ። የካምቢዮ ዘይት ከሆነ ግን ክርክር ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ልብ ናቸው። «ቀይ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም።»

አንድ ጊዜ የኦቶማቲክ ካምቢዮዬን ዘይት ላስቀይር ስነሣ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከዳሽቦርዱ ኪስ አወጣሁ። ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር፤ ከእኔ በፊት ማንም አልገለጠውም ማለት ነው። የሚያስፈልገውን ዘይት ስም በብጣሽ ወረቀት ገልብጬ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ወረቀቱን በአክብሮት ተቀበለኝ፣ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ከዚያ ግራሶ የነካ እጁን ቀስ አድርጎ ጠረገበት።

«ጋሼ፣ ይሄ የፋብሪካ ወሬ ነው» አለኝ። «ዘይታቸውን ለመሸጥ የሚጽፉትን አምነው ነው የመጡት?»

ቀጥሎ የሆነውን ያላየ ሰው ስለ ሙያ አያውራ። የመለኪያውን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን ጠብታ በአውራ ጣቱ ተቀብሎ በሌባ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ዓይኑን ጨፈነ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«ቀይ ነው» አለ።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ዓይኑን ጨፍኖ ቀለሙን እንዴት እንዳየው ግን አልጠየቅሁም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሙያ አይገባውም።

እርግጥ ነው፣ ቀዩ ማቅለሚያ ነው። ዘይቱ በተፈጥሮው ቀይ አይደለም፤ ቀለም የሚጨመርበት መኪናው ሥር ጠብታ ሲታይ ከሞተር ይሁን ከካምቢዮ እንዲለይ ነው። ቀለሙ የማርሽ ጥርስ አያለሰልስም፣ ሙቀት አያበርድም፤ ሲቆይም ይደበዝዛል። አንዱ አምራች ቀይ ያደረገውን ሌላው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ ግን ለተራ ሰው የሚነገር ነው። አዋቂዎቻችን ቀለሙ ውስጥ እኛ የማናየውን ያያሉ። ቀይ የራዲያተር ፈሳሽም አለ ብዬ ላስታውሳቸው ነበር፤ ሐሳብ ያቀረብኩ እንዳይመስላቸው ፈርቼ ተውኩት።

ከልብ የማዝነው ለመሐንዲሶቹ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሃይድራማቲክ የተባለውን ኦቶማቲክ ካምቢዮ በኦልድስሞቢል ላይ ገጥሞ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ዘይት ሲቀምሙ ነው። በ1949 «ታይፕ ኤ» የሚል መስፈርት አወጡ። በ1967 ደክስሮን የተባለው መስፈርት መጣ። የካምቢዮው ሸራዎች፣ ማርሽ ሲቀየር የሚያያዙትና የሚላቀቁት ሳህኖች፣ በልካቸው እንዲያያዙ ብለው ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ሳይቀር ይጨምሩበት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ውጤት አሜሪካ ውስጥ ሲከለከል ምትክ ፍለጋ ተራወጡ፤ ያገኙት ምትክ ደግሞ የዘይቱን ማቀዝቀዣ መብላት ጀመረና እንደገና ወደ ላቦራቶሪ ተመለሱ። በ2005 ደክስሮን ስድስት ላይ ደረሱ። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ዓሣ ነባሪ! ከኮፈን ዙሪያ ከሚቆሙት አንዱን ጠርተው ቢያማክሩ ኖሮ ነገሩ በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር፤ «ቀይ አድርጉትና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።»

«ዘይት ሥራው ማለስለስ ነው» ይላሉ ደግሞ። ልብ የሚያሳርፍ አባባል ነው። ችግሩ ኦቶማቲክ ካምቢዮ አለመስማቱ ነው። እዚያ ውስጥ ማርሽ የሚቀያየረው ዘይት ውስጥ ተነክረው የሚኖሩ ሸራዎች ከብረት ሳህኖች ጋር ሲያያዙና ሲላቀቁ ነው። ስለዚህ ዘይቱ በአንድ እጁ ጥርሶቹን እያለሰለሰ በሌላው ሸራዎቹ እንዳይንሸራተቱ መጠበቅ አለበት። ያዝ ሲባል መያዝ፣ ልቀቅ ሲባል መልቀቅ። ቶሎ ከያዘ መኪናው ከኋላ እንደተገፋ ሰው ይደነግጣል፤ ዘግይቶ ከያዘ ሸራው እየተፋተገ ያርራል። በዚያ ላይ ያው ዘይት በፓምፕ እየተገፋ በቀጫጭን መተላለፊያ ሄዶ ለቫልቮቹ ትእዛዝ ያደርሳል፣ ሲመለስም ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። ውፍረቱም ልክ አለው። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ የድሮው ደክስሮን ሦስት ከ7 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ ነው) በላይ ነው፤ ደብሊው ኤስ የተባለው የቶዮታ ዘይት ግን 5.5 አካባቢ ነው። ሁለቱም ቀይ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ለእኛ የትም የለም። መኪናው ግን እንደ እኛ ሆደ ሰፊ አይደለም።

ሲቪቲ የሚባለው የኦቶማቲክ ዓይነትም አለ። ደረጃ ደረጃ ማርሽ የለውም፤ በሁለት ፑሌጃ መሀል የተዘረጋ የብረት ቀበቶ ነው። የሞተሩ ጉልበት በሙሉ የሚያልፈው ብረት ብረትን ጨምድዶ ሲይዝ ስለሆነ ዘይቱ የሚቀመመው ቀበቶው እንዳይንሸራተት ታስቦ ነው። ኒሳን «ኤንኤስ-3»፣ ሆንዳ «ኤችሲኤፍ-2» እያሉ ለየብቻ ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ተራውን የኦቶማቲክ ዘይት ሲሰጡት ቀበቶው ፑሌጃውን እየፋቀ የብረት ብናኝ ያመርታል። «ካምቢዮ ካምቢዮ ነው» የሚለው ወገን ግን አድልዎ አይወድም። ለሁሉም አንድ ዘይት! እኩልነት በዚህ መልኩ ሲከበር ያየሁት ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው።

ማኑዋል የሚነዱትም ከዚህ በረከት አልተገለሉም። የእነሱ ዘይት ዕቃ ላይ «ጂኤል-4» ወይም «ጂኤል-5» ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ምርጫው የሂሳብ ነው፤ አምስት ከአራት ይበልጣል፣ የሚበልጥ ደግሞ ይሻላል። ጂኤል-5 በመሠረቱ ለዲፈረንሺያል ጥርሶች ከባድ ጫና የተዘጋጀ መሆኑ፣ ሰልፈርና ፎስፈረስ ያለበት ቅመሙም በብዙ ማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚያግባቡትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ መቻሉ፣ ቁጥር ለማያውቁ የተተወ ዝርዝር ነው። ሦስተኛ ማርሽ እየጮኸ አልገባም ያለ ዕለት «ፍሪሲዮኑ ነው» ይባላል። ፍሪሲዮኑ ይቀየራል። ጩኸቱ እንዳለ ነው። ቀጥሎ ሌላ ዕቃ ይጠረጠራል፣ እሱም ይቀየራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከካምቢዮው በቀር መኪናው ሙሉ በሙሉ ይታደሳል።

«ለሁሉም መኪና» የሚል የተጻፈበት ጀሪካንም አለ፤ ይህን አለማወደስ ነውር ነው። እውነቱን ለመናገር ተጠንቅቀው የተሠሩ አሉ፤ የሚጠቅሙት ግን ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተደረደረውን ዝርዝር ላነበበ ነው። የእኛ ሰው የፊቱን ቃል አንብቦ ጀሪካኑን አያዞረውም። አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ቦታ ሰምቷል፤ ደክስሮን ስድስት የድሮውን ደክስሮን ሦስት እንዲተካ ተደርጎ መሠራቱን። ይህ ልክ ነው። ግን የሰማውን ገልብጦ የድሮውን በአዲሱ ቦታ ያፈስሰዋል። መተካካት ከሆነ ከሁለቱም ወገን ነው እንጂ!

የእኔን ጉዳይ ላንሣ። መካኒኩ ብሎኑን ፈታ፣ አሮጌው ዘይት ወረደ። የወረደው ግማሽ እንኳ አይሆንም፤ ቀሪው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ዕቃ፣ ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ ብሎን ፈትቶ በማፍሰስ ብቻ የሚቀየር ዘይት ሁልጊዜ ድብልቅ ነው። ይህን ስነግረው «ይላመዳሉ፣ ጋሼ» አለኝ። ከዚያ የውሃ ፕላስቲክ አንገቱ ላይ ቆርጦ ማንቆርቆሪያ ሠራና ቀዩን አፈሰሰ። ደረጃውን የለካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካምቢዮው ቀዝቅዞ ነው። የእኔዋ መመሪያ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ ይለካ ይላል። መመሪያው ግን ወሬ መሆኑ አስቀድሞ ተረጋግጧል። (የመለኪያ ዘንግ ጨርሶ የሌላቸው አዳዲስ መኪኖች አሉ፤ የዘይቱ ሙቀት የታዘዘው ዲግሪ ላይ ሲደርስ የመለኪያ ብሎናቸው ተፈቶ ትርፉ እንዲንጠባጠብ ይደረጋል። የእኛዎቹ ዲግሪውን በመዳፍ ነው የሚለኩት። «ሞቋል» ካሉ ሞቋል።)

ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናዋ በዝግታ ስትሄድ ኮረኮንች ላይ እንዳለች መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አስፋልቱ ግን ልሙጥ ነው። ከቆመችበት ስትነሣ ታስባለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ትዘላለች። ወደዚያው ጋራዥ ተመለስኩ። ኮፈኑ ተከፈተ፣ ጉባኤው ተሟላ።

አንዱ ነዳጁን ጠረጠረ። አንዱ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። አንዱ አነዳዴን ጠየቀኝ፤ መልሴን ሳይሰማ አዘነልኝ። አንድ ሽማግሌ «ድሮም የዚህ ሞዴል ካምቢዮ ደካማ ነው» ሲሉ ሁሉም ተስማሙ። ዘይቱን ግን ማንም በክፉ አላነሣውም፤ መካኒኩ ዘንጉን መዝዞ አሳያቸው፣ ቀይ ነበር።

ካምቢዮው ይቀየር ተባለ። የታደሰ ካምቢዮ በሳጥን መጣ። የዘይት መግቢያው ላይ አንድ ካርድ በሽቦ ታስሯል፤ ምን ዓይነት ዘይት እንደሚገባበት በትልልቅ ፊደል ተጽፎበት፣ ሌላ ከተጨመረበት ዋስትና እንደሌለው ከሥሩ ተሰምሮበት። ወደ ካርዱ ጠቆምኩ። መካኒኩ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠ፣ ካርዱን በአክብሮት ተቀበለ፣ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ከዚያ እጁን ሊጠርግበት ሞከረ። ካርዱ በላስቲክ ተለብጧል፤ ግራሶው ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ተላለፈ እንጂ አልጠረግ አለ።

«አዩ፣ ጋሼ» አለኝ፣ ካርዱን ከባዶዎቹ ጀሪካኖች ጋር እየወረወረ፤ «ለምንም አይሆንም።»