መሃሉ ገና ነው

ወዳጄ ለንደን ውስጥ የኦፔራ ቲኬት ገዝቶ የሥራ ፈረቃው ተቀየረበትና «አንተ ግባበት፤ ገንዘቡ ሜዳ ላይ አይቅር» ብሎ አስረከበኝ። የጥንቱ የሙዚቃ ደራሲ የሃንደል ኦፔራ ነው። ስለ ኦፔራ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቶሎ እንደማያልቅ። ስለዚህ ቤት በደንብ በልቼ ሄድኩ።

በር ላይ የሰጡኝ ወረቀት የወጣቷን ሶፕራኖ፣ የባለ ቀጭን ድምፅ ዘፋኟን፣ ፎቶ ይዟል። ከፎቶው ሥር ሰዎች ስለ ድምጿ የጻፉት ሙገሳ ተደርድሯል። አንዱ ድምጿን በብር መስሎታል፣ ሌላው በብርጭቆ፣ ሌላው በማር። ሦስቱን አንድ ላይ ሳስባቸው የመጣልኝ በብር ትሪ የቀረበ የብርሌ ጠጅ ነው።

ልጅቷ ወጣች፤ ዘፈነች። እውነቱን ለመናገር ፀጉሬ ቆመ። የባሮክ አሪያ፣ ማለትም የሃንደል ዘመን የኦፔራ ብቸኛ ዘፈን፣ ግን ተንኮል አለው። መጀመሪያ አንድ ክፍል ይዘፈናል፤ ቀጥሎ ሌላ ስሜት ያለው ሁለተኛ ክፍል ይመጣል፤ አለቀ ስትል ወደ መጀመሪያው ይመለስና ዘፋኟ ያንኑ ዜማ በራሷ ጌጥ እያስዋበች ትደግመዋለች። አቦል ተጠጥቶ፣ ቶና ተቀድቶ፣ በረካ ስትጠብቅ እንደገና አቦል፣ ያውም ጤና አዳም ገብቶበት። ይህን ማን ነግሮኝ! ሁለተኛው ክፍል እንዳለቀ አጨበጨብኩ። ብቻዬን። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞራ ያየችኝን አስተያየት፣ ቅዳሴ መሃል ስልኩ የጮኸበት ሰው ያውቀዋል።

በእረፍቱ ሰዓት ጥግ ይዤ ቆሜ ሳለ የወይን ብርጭቆ የያዙ ሽማግሌ ጠጋ አሉና «እንዴት ናት?» አሉኝ። «ጥሩ ናት» ብል ምን ነበረበት! አንገቴን ዘመም፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ «ላይኛው ጥሩ ነው፤ መሃሉ ግን ገና ነው» አልኳቸው። ሰውየው ትንሽ አሰቡ። «እኔም የታዘብኩት እሱኑ ነው» አሉና ሄደው ለሚስታቸው ነገሯቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያቺን ንግግር ከየት እንዳመጣኋት የገባኝ ቆይቶ ነው። አባቴ የፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ ሲቆም የሚላት ናት። ሽንጡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን ያደርግና «ላቱ ጥሩ ነው፤ መሃሉ ገና ነው» ይላል፣ ባለበጉ ሃምሳ ብር እንዲቀንስለት።

ነገሩ ከንክኖኝ ማንበብ ስጀምር፣ ለንደን በዚህ ሙያ ሦስት መቶ ዓመት እንደቆየች አየሁ። ከተማው በሙሉ በግ ተራ የቆመው በፍራንቼስካ ኩዞኒ ጊዜ ነው። የፓርማ ልጅ ናት፤ ለንደን ስትገባ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሙገሳው ግን ቀድሟት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1722 አንድ የለንደን ጋዜጣ፣ ድንቅ ዘፋኝ ከኢጣሊያ እየመጣች ነው፣ እዚህ መድረክ ላይ ከወጡት የአገሯ ሴቶች ሁሉ የምትበልጥ ናት ይባላል ብሎ ጻፈ። ያተማት ግን «ሚስስ ኮትሶና» ብሎ ነው። ስሟን በቅጡ ያልያዘ ሰው ድምጿን ከእነ እገሌ አበላልጦ ጨርሷል።

ቲያትር ቤቱ ሄይማርኬት የሚባለው ሰፈር ነው፤ በእኛ አፍ ድርቆሽ ተራ ማለት ነው። እዚያ ጃንዋሪ 12 ቀን 1723 የሃንደል «ኦቶኔ» ሊታይ ልምምድ ላይ ናቸው። ታሪኩ ለእኛ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ቴዎፋኔ የምትባል የቢዛንታይን ልዕልት የእጮኛዋን የኦቶኔን ሥዕል ይዛ ልታገባው ሮም ትመጣለች። የሚቀበላት ግን «ኦቶኔ እኔ ነኝ» የሚል ሌላ ሰው ነው። ፎቶ ተልኮላት ወዳ፣ ኤርፖርት ስትደርስ ፎቶው ላይ የሌለ ሰውዬ አበባ ይዞ የቆመላት ሙሽራ በሏት። ሥዕሉን አውጥታ እያየች «ሐሰተኛ ምስል፣ አታለልከኝ» ብላ ታዜማለች። መግቢያዋ ይህ አሪያ ነው።

ኩዞኒ አልዘፍንም አለች። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ለጉሮሮ መፈተሻ የሚሆን ሩጫና ዝላይ የለውም። ይህን ያህል የተወራላት ሴት በዚህ ልትገባ? አልፈርድባትም፤ ለሠርግ የተጠራ ሰው ነጠላ ጫማ አድርግ ቢባል ያው ነው። ሃንደል ከሞተ በኋላ በ1760 በታተመው የሕይወት ታሪኩ እንደተጻፈው፣ ሰውየው ሊለማመጣት አልሞከረም። አንቺ ሰይጣን እንደሆንሽ አውቃለሁ፣ እኔ ደግሞ የሰይጣኖች አለቃ ብዔል ዜቡል መሆኔን አሳውቅሻለሁ አላትና ወገቧን ይዞ በመስኮት ሊወረውራት ተነሣ። ዘፈነችው። ስሟን የተከለውም ያው የናቀችው አሪያ ሆነ።

የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። ለንደን ራሷ ቴዎፋኔን ሆና ነበር የጠበቀቻት። በጋዜጣ ወሬ ሥዕል ሠርታ፣ ያንን በልቧ ይዛ ተቀመጠች። መጋረጃው ሲከፈት የወጣችው አጠር ደልደል ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ጸሐፊው ሆራስ ዋልፖል ስለ እሷ የተወው ቃል ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ አጭርና ድቡልቡል ያለች፣ ፊቷ እንደ ሊጥ፣ ቆዳዋ ግን ጥሩ፣ ትወና የማትችል፣ አለባበስ የማታውቅ። «ግን» የምትለው ቃል ሁልጊዜ ምስጋና መሃል እንደምትገባ አውቅ ነበር፤ እሱ ስድብ መሃል ነው የሸነቆራት። ያ ሁሉ ያጠነጠነው በ1725ቱ «ሮደሊንዳ» ጊዜ በነበረችው ኩዞኒ ላይ ነው፤ ዋልፖል ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በዚያው ኦፔራ የለበሰችው በብር የተጠለፈ ቡናማ የሐር ቀሚስ አሮጊቶቹን አሳፈራቸው፤ ወጣቶቹ ደግሞ ሁሉም አሰፉት፤ የደንብ ልብስ እስኪመስል። አለባበስ አታውቅም የተባለችው ሴት ከተማውን አለበሰችው።

ቲኬቱስ? ግማሽ ጊኒ (የዘመኑ የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም) የነበረው ሁለትና ሦስት ጊኒ ገባ። ፋብሪስ የሚባል የንጉሡ ቤተ መንግሥት ሰው በደብዳቤው ይህን ሲያይ የደቡብ ባሕር ኩባንያ አክሲዮን ትዝ ብሎታል፤ ያ በ1720 ዋጋው እንደ ፊኛ ተነፍቶ የፈነዳው። ሰዎቹ ገንዘባቸው ከቀለጠ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም፤ አሁን ደግሞ የሶፕራኖ ዋጋ ያንራሉ። በነገራችን ላይ እሱም ስሟን «ኮሱና» ብሎ ነው የጻፈው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ገጣሚው ጆን ጌይ በዚያው ፌብሩዋሪ ለደራሲው ጆናታን ስዊፍት የላከውን ደብዳቤ ነው። ከተማው ከሙዚቃ ሌላ ወሬ የለውም ይላል። አንዱን ዜማ ከሌላው መለየት የማይችል ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በሦስቱ የኦፔራ ደራሲዎች፣ በሃንደል፣ በቦኖንቺኒና በአቲሊዮ ስልት ይከራከራል። ይህን ሳነብ ሽማግሌው ከነብርጭቋቸው ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ በግ እዳብሳለሁ።

እዚያ ሁሉ ሊቅ መሃል አንድ ብቻ የማምነው ሰው አለ። ከላይኛው ሰገነት፣ ርካሹ ቦታ፣ አንድ ምሽት ጮኸ ይባላል፤ ሆዷ ውስጥ የዘማሪ ወፎች ጎጆ አላት፣ እርግማን ይውረድባት ብሎ! እንደ እኛ «ኧረ አንቺ ምነው!» ዓይነት ነው። ላይኛው መሃሉ አላለም። ሰውየው ስሙ አልተመዘገበም።

በ1726 ሌላዋ ዘፋኝ ፋውስቲና ቦርዶኒ መጣች፤ እሷ ፈጣን ጉሮሮ፣ መልኳም የተወደደ። ከተማው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ጁን 6 ቀን 1727 የዌልስ ልዕልት ካሮላይን ባለችበት፣ አንዱ ወገን ሲያጨበጭብ ሌላው እያፏጨ ትርዒቱ ተበላሸ። ሁለቱ ዘፋኞች ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ የሚል ቀልድ ታትሞ ተቸበቸበ። በእኔ ግምት የተጣላው ወንበሩ ላይ የነበረው ሕዝብ ነው፤ ስሙ ግን የቀረው በሴቶቹ ላይ ነው።

ኩዞኒ አርጅታ በ1750 አካባቢ ለንደን ተመለሰች። ድምጿ ሄዷል፣ ዕዳ አለባት፤ ለዕዳዋ ታስራ ነበር። በ1751 ጋዜጣ ላይ ባወጣችው ማስታወቂያ ለአበዳሪዎቿ የሚከፈል ገንዘብ የምታገኝበት ኮንሰርት እንደምታቀርብና ከዚያ ወዲያ እንደማታስቸግራቸው ለመኳንንቱ ቃል ገባች። ዘመኗን የፈጸመችው ቦሎኛ ነው፤ ቁልፍ እየሠራች ትተዳደር ነበር ይባላል። የልብስ ቁልፍ።

ወዳጄ በማግስቱ ከፈረቃ ወጥቶ ደወለልኝ።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?»

ሩብ ሰዓት ሙሉ ነገርኩት። ላይኛውን ነገርኩት፣ መሃሉን ነገርኩት፣ ስለ ትንፋሽ አያያዟ ነገርኩት፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ወዳጄ ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«ስሟ ማነው? ዩቲዩብ ላይ ልፈልጋት» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት፣ «ወረቀቱን ልፈልግና ልደውልልህ።»