አንድ ሎሚ ለአራት ልጅ

ከውድድር ኮሚቴው አንዲት ደብዳቤ የደረሰችኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ግማሽ ገጽ አትሞላም። ላለፉት ጥቂት ዓመታት በዳኝነት ስቀመጥበት የቆየሁት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስ ውድድር ከዘንድሮ ጀምሮ በቡድን መካሄዱ ቀርቷል ትላለች። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይቀመጣል። አርባ የምርጫ ጥያቄ፣ አንድ ሰዓት፣ እርሳስና ላጲስ። ክሩ፣ ብሎኑ፣ ካርቶኑና ፕላስተሩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመለሳሉ።

አላስቻለኝም፤ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት የኮሚቴው ሰው ትሑት ናቸው። በትዕግሥት አስረዱኝ። «ይኸውልዎ፣ በቡድን ስናደርገው አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ያጨበጭባሉ። ይሄ ለጎበዙ ልጅ ፍትሐዊ አይደለም» አሉኝ። ዝም ስል የተረታሁ መሰላቸውና ጨመሩበት። «ደግሞስ ሳይንቲስት ብቻውን አይደል የሚያስበው? ኒውተንን ይመልከቱ።»

ባይጨምሩበት ይሻላቸው ነበር።

ኒውተንን እንመልከት እንግዲህ። ብቸኝነት የሚወድ ሰው እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ኤድመንድ ሃሌይ የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1684 ኬምብሪጅ ድረስ ሄዶ ስለ ፕላኔቶች ምሕዋር ባይጠይቀው፣ ከዚያም እየወተወተ ባያስጽፈው ኖሮ ያ ስለ ስበት የሚያወራው ትልቅ መጽሐፍ በ1687 ባልታተመ ነበር። የኅትመቱን ወጪ የሸፈነውም ሃሌይ ነው፤ ያውም ከኪሱ። ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር ገንዘቡን ስለ ዓሣ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ጨርሶ ነበራ! ሰማዩን ሌሊት ሌሊት እየለካ ቁጥር ያቀብለው የነበረው ደግሞ ጆን ፍላምስቲድ የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው ነው። (በኋላ ኒውተንና ፍላምስቲድ ክፉኛ ተጣልተዋል። ቡድን ውስጥ ጠብ አለ ለምትሉኝ፣ አዎ አለ፤ ያኔም ነበር።) አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ይወተውታል፣ ረቂቁንም ያርማል። እኔ በማውቀው አማርኛ ይሄ ቡድን ይባላል።

ይሄ እንግዲህ የብቸኝነት ምሳሌ ተብሎ የቀረበልን ሰው ነው። የዛሬውንማ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ሂግስ ቦዞን የምትባለውን ኢምንት ቅንጣት ክብደት ያሳወቀው ጽሑፍ ከ5,000 በላይ ደራሲዎች አሉት። የስማቸው ዝርዝር ከራሱ ከጽሑፉ ይረዝማል። ከነሱ ውስጥ ስንቱ ያጨበጨበ እንደሆነ ኮሚቴው ቢያጣራልን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ። አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ያጨበጭባሉ።

ውሸት ነው አልልም። በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጥፋቱ የማን ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ይሄ ተረት የሚሠራው ሎሚው ሃምሳ ሲሆን ነው። አንድ ሎሚ አምጥታችሁ ለአራት ልጅ ሰጣችሁ። አንዱ ያዘው። ሦስቱ እጃቸው ባዶ ቀረ። ከዚያ ዞር ብላችሁ «አያችሁ፣ ሦስቱ ሰነፎች ናቸው» አላችሁ።

አላጋነንኩም። ባለፈው ዓመት ከተሰጡት ጥያቄዎች አንዱ «የውሃን ዑደት ደረጃዎች በቅደም ተከተል ጻፉ» የሚል ነበር። ለአራት ልጅ አንድ ወረቀት። ለአራት ልጅ አንድ እርሳስ። ታዲያ ሌሎቹ ምን ያድርጉ? የጠረጴዛውን እግር ይያዙ? የሚያውቀው ልጅ ጻፈ። የማያውቁት አዩ። እኔም እዚያ ብሆን አጨበጭብ ነበር፤ ሌላ ሥራ የለኝማ።

ይሄ ነገር ድሮ የተጠና ነው። ማክሲሚሊየን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ ያስጎትት ነበር። ጎታቹ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ጉልበት እየቀነሰ እንደሚሄድ አየ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። በ1979 ደግሞ ሦስት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን አስጮኹ፣ አስጨበጨቡም። አዎ፣ ማጨብጨብ! ሰው ከሌላው ጋር ሆኖ ሲያጨበጭብ ብቻውን ከሚያጨበጭበው ያነሰ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ የኮሚቴው ሰው ተሳስተዋል፤ ሦስቱ ልጆች በደንብ እንኳ አላጨበጨቡም።

ግን እነዚያው ተመራማሪዎች እዚያ ላይ አላቆሙም። ቀጥለው የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ እንደሚታወቅ ሲነግሩት ዳተኝነቱ ጠፋ። የእኔ ድርሻ የት እንዳለ ከታወቀ እሠራለሁ፤ ካልታወቀ እለግማለሁ። ትልቅ ሰውም እንዲሁ ነው። ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚታይ ድርሻ መስጠት ነው። ኮሚቴው ግን ጥያቄውን ማስተካከል ሲገባው ቡድኑን ሰረዘ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ አይደል?

ሃምሳ ሎሚ ያለው ጥያቄ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር ላይ የደረሰኝ ጠረጴዛ የፔንዱለም፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ክብደት፣ ነበር። አራት ልጆች፣ ክር፣ ጥቂት ብሎኖች፣ ማስመሪያ፣ አንድ ስቶፕዋች። ጥያቄው አጭር ነው። ክሩ ቢያጥር፣ ብሎን ቢጨመር፣ ከራቀ ቦታ ቢለቀቅ፣ የትኛው ነው የውዝዋዜውን ጊዜ (አንዴ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበትን) በደንብ የሚቀይረው? መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ቢኖርም ብቻውን አይሠራውም። ክሩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚይዝ ያስፈልጋል። የሚለቅና የሚቆጥር ያስፈልጋል። ሰዓቱን የሚይዝ ያስፈልጋል። የሚጽፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ሥራ ይቀያየራሉ።

ክሩን 25 ሳንቲ ሜትር አደረጉት። ልጅቷ ለቀቀችና አሥር ጊዜ ቆጠረች። 9 ሰከንድ። ቦታ ተቀያየሩ። ሌላኛው ልጅ ለቀቀና እሱም አሥር ቆጠረ። 10 ሰከንድ። ያው ክር ነው፤ ያው ብሎን ነው። ጠቡ ተጀመረ።

«ቀስ ብለህ ስለቆጠርክ ነው!»

«አንቺ ነሽ የተጣደፍሽው!»

«ሰዓት ያዡ ነው ያበላሸው!»

ሰዓት የያዘው ልጅ ሊያለቅስ ደረሰ። ጣልቃ ልገባ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር። አራተኛው ልጅ፣ ጸሐፊው፣ እስከዚያች ሰዓት ድምፁን አልሰማሁትም። እርሳሱን ከአፉ አወጣና «እሷ እኮ ስትለቀው ነው አንድ ያለችው» አለ። «ገና አልሄደም ነበር።»

ዝም አሉ።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለች ልጅቷ።

«ዜሮ።»

ተመልሰው ሠሩት። ዜሮ ብላ ለቀቀች። 10 ሰከንድ ወጣ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ቁጥር አላጠፋውም፤ በአንድ መስመር ሰረዘውና ከጎኑ «አንድ ያልነው ቶሎ ነው» ብሎ ጻፈ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። ለሙያው የሰለጠኑ ሰዎች ይህን ልማድ ለመያዝ ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

እስቲ ይሄን ስህተት ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ያገኘዋል? በፍጹም። ብቻዋን ብትሆን 9 ሰከንድ ብላ ጽፋ፣ ለአሥር አካፍላ፣ ደስ ብሏት ትሄድ ነበር። ስህተቱ የተገለጠው ሁለት ቁጥር ስለተጋጨ ነው። ቁጥሩ የተጋጨው ሁለት ሰው ስለቆጠረ ነው። ነገሩ የተፈታው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ቁጭ ብሎ ስላየ ነው። ልብ በሉ፣ ያ ልጅ ለኮሚቴው ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነው።

ዘንድሮ ምን ይጠብቀዋል? «የፔንዱለም የውዝዋዜ ጊዜ በይበልጥ የሚወሰነው በ፦ ሀ. በብሎኑ ክብደት፣ ለ. በክሩ ቀለም፣ ሐ. በክሩ ርዝመት፣ መ. መልስ የለም።» ሐን ያከብባል። ወይም አያከብብም። ከጎኑ የተቀመጠውና ትናንት ማታ መልሱን በቃሉ የያዘው ልጅም ሐን ያከብባል። ሁለቱ እኩል ናቸው። ይሄ ነው ፍትሕ የተባለው።

ፍትሕ ካነሳን አይቀር ልናገር። በምርጫ ጥያቄ የሚሸነፈው ሰነፉ ልጅ አይደለም፤ አስጠኚ የሌለው ልጅ ነው። አርባ ጥያቄ ያጠና ልጅ አርባ ጥያቄ ይመልሳል። ክርና ብሎን ፊት ግን ሁሉም ዕኩል ግራ ይጋባል። ቤት ተሠርቶ የሚመጣውን ፕሮጀክት ደግሞ ተዉት። አንዴ ሽቦው ሁሉ ጥርት አድርጎ የተበየደ ሞዴል ቀረበልኝ። ልጁን «ይሄ ጫፍ ምን ይሠራል?» ብዬ ስጠይቀው ዞሮ አባቱን አየ። አባትየው መለሱልኝ፤ መልሱም ጥሩ ነበር። ኦዲሲ ኦቭ ዘ ማይንድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቡድን ውድድር ይህን ድሮ ስላወቀ አዋቂ እጁን እንዳያስገባ የሚከለክል ጥብቅ ደንብ አለው። ሥራው የልጆቹ ካልሆነ ነጥብ ይቀነሳል። እኛም አባቶችን ከገመድ ጀርባ ማቆም እንችላለን። ገመድ አለን፤ ግምጃ ቤት ገብቷል እንጂ።

«ትልልቆቹ ውድድሮችስ ለብቻ አይደሉም ወይ?» ለሚሉም መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጃካርታ ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች የሳይንስ ኦሊምፒያድ ዕድሜያቸው ከ15 ያልዘለለ ልጆችን ያወዳድራል። የጽሑፍ ፈተናውን ለየብቻ ይቀመጣሉ። ቤተ ሙከራ ሲገቡ ግን ሦስት ሦስት ሆነው ነው። የሜዳሊያ ነገር የሞት ሽረት የሆነባቸው ሰዎች እንኳ ሙከራ በቡድን እንደሚሠራ ተስማምተዋል። ፈርስት ሌጎ ሊግ በሚባለው የልጆች የሮቦት ውድድርም ሮቦቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ዳኞች ደግሞ ለብቻ ቁጭ አድርገዋቸው እንዴት አብረው እንደሠሩ ይጠይቋቸዋል፤ ነጥብም ይሰጡበታል። የእኛ የአሥር ዓመት ልጆች ግን ለብቻቸው ሐን ያክብቡ ተባለ።

አንድ ነገር ልመን። ጮሌ ልጅ እርሳሱን ነጥቆ አይመልስም። ዓይን አፋሩ ጥግ ይይዛል። ይሄ አለ። ግን ለዚህ ውድድር አይሰረዝም። ደወል ሲደወል እርሳሱ ወደ ቀጣዩ ልጅ ይሂድ። መጨረሻ ላይ ዳኛው ዕጣ አውጥቶ ስሙ የወጣው ልጅ ለሁሉም ይመልስ። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ጎበዙ ልጅ ሌሎቹን ለማስረዳት ላብ በላብ ይሆናል። አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም ከውድድሩ ሁሉ የምወደው ያቺን የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ነው። «ቶሎ በል ንገረኝ፣ እኔ ብጠራስ?» እየተባባሉ ሲንጫጩ። ቁጥሩም አራት ይብቃ። ስድስት ሲሆኑ ሁለቱ ወደ መስኮቱ ማየት ይጀምራሉ።

ወጪ ነው የሚለውን ምክንያት ደብዳቤዋ አላነሳችም፤ ያነሳችው ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። ክር ነው። ብሎን ነው። ወረቀት ነው። እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። አራት ልጅ ያለበትን ጠረጴዛ ለመዳኘት ቁጭ ብሎ ማየት፣ መስማት፣ ማስታወሻ መያዝ ይጠይቃል። ዳኛ ማሰልጠንም አለ። ሁለት ዳኛ አንድን ቡድን አይቶ የተለያየ ነጥብ ሲሰጥ ወላጅ ይጮኻል። ሐ ግን ሐ ነው። ማንም አይጮኽም። ውድድሩ የተቀየረው ለልጆቹ ተብሎ አይመስለኝም፤ ለእርማት እንዲመች ነው። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም። ሌላ ምክንያት ግን አይታየኝም።

ከደብዳቤዋ ጋር ሁለተኛ ወረቀት ተያይዟል። የዘንድሮ የዳኝነት ጥሪ ነው። ሥራው በአንድ መስመር ተጽፏል፦ የተሰበሰቡትን የመልስ ወረቀቶች ከመልስ ቁልፉ ጋር ማመሳከር። እስከ ዓርብ መልስ ስጥ ይላል። መ ላይ አክብቤ መልሼዋለሁ።