በአንቱታ የተመታ ጎን

ትናንት ሌሊት ጎኔን ይዤ ለማሳል እንኳ እየፈራሁ ያደርኩት መኪና ገጭቶኝ ወይም ከደረጃ ወድቄ አይደለም። ቴኳንዶ በምንለማመድበት አዳራሽ አሠልጣኛችን «ሁለት ሁለት ሁኑ፤ በቀስታ፤ መንካት ብቻ» ካለ በኋላ፣ ተጣማሪ ሆኖ የደረሰኝ በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ ወጣት በዶልዮ ቻጊ፣ ማለትም ከጎን ዞሮ በሚመጣ እርግጫ፣ «ስለነካኝ» ነው። ከመምታቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ ከመታኝ በኋላ ደግሞ «ጋሼ፣ እጅዎን ከፍ ያድርጉ እንጂ» ሲል አረመኝ። የጎድን አጥንቴ በአንቱታ ሲመታ ይህ የመጀመሪያው ነው። በውድድር ሕግ አካል ላይ የሚያርፍ እርግጫ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ትናንት ግን ዳኛ ስላልነበረ ሁለቱም ነጥቦች እኔው ጎን ላይ ቀርተዋል።

ልምምድ ከመጀመራችን በፊት በረድፍ ቆመን የምንደግማቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ ትሕትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት እና የማይበገር መንፈስ። እነዚህን ያወረሱን እ.ኤ.አ. በ1966 ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን የመሠረቱት ኮሪያዊው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው። ተጣማሪዬ «ራስን መግዛት» ላይ ሲደርስ ድምፁን ከሁላችን በላይ ከፍ ያደርጋል፤ በዜማው ከሆነ ደብተራም አይስተካከለውም።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ቀነስ ብታደርግ?» ስለው «ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። ይህቺ ቃል ናት ነገር ያነሣችብኝ። በልጅነቴ አንድ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ዛሬ ሽበት ያበቀለና በዕድራችን አንቱ የተባለ የሰፈራችን ልጅ፣ ሩሯን ትቶ ቅልጥሜን በቆልማማው በትር አገኘኝ። እያነከስኩ ቤት ስገባ እናቴ እግሬን እያየች «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለችኝና ወደ ዶሮዋ ተመለሰች። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ሰውየው ግን በለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ልጅነታችን ሲያወራ የገና ጨዋታችንን አያነሣም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ። ከአባባሎቻችን ሁሉ እንደዚህኛው የምወደው የለም፤ ልቤን ባያሽረውም ያስታምመዋል።

ስለ ገናው ምሳሌ ግን ዘግይቶም ቢሆን የገባኝ ነገር አለ። ምሳሌው የተነገረው ጌታና ሎሌ አብረው ለሚጫወቱበት ዕለት ነው፤ ሎሌው በስሕተት ቢመታው ጌታው በሥልጣኑ እንዳይቆጣ የሚያስጠነቅቅ፣ ማለትም ብርቱውን የሚገታ ቃል ነበር። ታዲያ በማን ፈቃድ ነው ተገልብጦ የብርቱው መሸሸጊያ የሆነው? «ጨዋታ ነው» ማለት የተመታው ሰው መብት ነው። የመታው ቀድሞ ከተናገረው፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ ለራሱ ምሕረት አደረገ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በልምምድ አዳራሽም፣ በሥራ ቦታም፣ በሠርግ ቤትም አልወደውም።

እ.ኤ.አ. በ1882 በቶኪዮ ጁዶን የመሠረቱት ጂጎሮ ካኖ የጋራ ጥቅምን የትምህርታቸው አንዱ ምሰሶ አድርገውት ነበር። በጁዶ አንዱ ሲጥል ሌላው ይወድቃል፤ የሚወድቀው ግን ተሸናፊ ሳይሆን ጓደኛው እንዲማርበት ሰውነቱን ያዋሰ ሰው ነው። ከጎረቤት ምጣድ የተዋሰ ሰው ሰንጥቆ አይመልስም፤ ቢሰነጥቅ እንኳ «ምጣድሽን በደንብ አላሰሽውም ነበር» ብሎ ባለቤቷን አይመክርም።

የእኔ ተጣማሪ ይመክራል፤ ያውም በቀበቶ ከእኔ የሚበልጠው በአንድ ሰረዝ ነው። የልምምድ ልብሱን ሳያጥብ የሚመጣውንና በየመሐሉ ስልኩን የሚያየውን ለጊዜው ትቻቸዋለሁ፤ እነሱ አጥንት አይነኩም። ይህኛው ግን ባለፈው ሳምንት ጓንቴ አፍንጫውን ዳሰስ ቢያደርገው ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፣ በረዶ አስመጣ፣ ከዚያም ሰው ሁሉ እየሰማ «ጋሼ፣ ራስን መግዛት ያስፈልጋል» አለኝ። ያን ጊዜ ጨዋታው የት ሄዶ ነበር?

ለአሠልጣኙ ልነግረው አስቤ ተውኩት፤ ለውድድር የሚያዘጋጀው ልጅ ስለሆነ «ብርቱ ነው፤ ትማርበታለህ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ዘግይቼ ገብቼ፣ ሁሉም ከተጣመረ በኋላ ከነጭ ቀበቶዎቹ ሕፃናት ጋር ለመቆም ወሰንኩ። ዛሬ ረፋድ ላይ ግን ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ ደኅና አደሩ? ሐሙስ ከእርስዎ ጋር እንድጣመር ለአሠልጣኙ ነግሬዋለሁ፤ ሌሎቹ እኮ ቶሎ ይቆጣሉ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ጎኔን ይዤ ተቀመጥኩ።