ለአንድ ቀን ከሆነ ባትመጡ ይሻለናል

የወሎ ልጆች፣ በተለይ ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሳይካትሪ የተማራችሁ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ደሴ ያላችሁትንም አዲስ አበባ ያላችሁትንም ውጭ ያላችሁትንም ነው። የሆነ ቀበሌ ሰው ተገደለ ቤት ተቃጠለ ሲባል በነጋታው ቴሌግራም ላይ "በጎ ፈቃደኞች ነን እንሂድ" ትላላችሁ፣ እሺ፣ ልባችሁ ጥሩ ነው ማንም አይክድም፣ ግን አካሄዳችሁ ሰው እየጎዳ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። የቀበሌ አዳራሽ ነው፣ ሴቶች ተሰብስበዋል፣ ግድግዳው ላይ "ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች" የሚል ይሄን የሚያህል ባነር ተሰቅሏል፣ በሩ ላይ የሰፈር ጎረምሳ ቆሞ ማን ገባ ማን ወጣ ያያል። ባለሙያዋ አንዷን እናት "ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን፣ አውጪው ይቀልሻል" አለቻት። እናትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ጀመረች፣ መሀል ላይ ስትደርስ መንቀጥቀጥ ያዛት፣ ውሃ ሰጧት፣ አንዱ ፎቶ አነሳ፣ ከዛ ምሳ ሰዓት ደረሰ ተባለ። በማግስቱ መኪናው ሄደ። እሷ ግን እዛው ናት፣ ወፍጮ ቤት ስትሄድም ቦኖ ውሃ ስትቀዳም የሚያይዋት ያው ሰዎች ናቸው። ይሄ እርዳታ ነው እንዴ? በአላህ በማርያም!

"አውጪው ይቀልሻል" የሚባለው ነገር ደሞ ትምህርቱም አይደግፈውም፣ ታውቁታላችሁ እኮ። ችግሩ ትኩስ እያለ ሰውን ሰብስቦ የደረሰበትን አንድ በአንድ ማናዘዝ፣ ዲብሪፊንግ የሚባለውን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ተዉት ካለ ስንት ዘመኑ። በፈረንጆቹ 2011 ያወጣው "የስነልቦና የመጀመሪያ እርዳታ" መመሪያ የሚለው ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት ነው፣ በቃ። ብርድ ልብስ ለሌለው ብርድ ልብስ፣ ልጁ የት እንደገባ ላላወቀ ስልክ ማስደወል፣ መናገር ላልፈለገ አብሮት ዝም ብሎ መቀመጥ። የተደፈረች ካለች ደግሞ ታሪኳ ይቆይ፣ ጤና ተቋም ነው የሚቀድመው፤ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ነው፣ ሁለቱም ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። እናንተ ፎርም ስትሞሉ ሰዓቱ ቢያልፍባት ምን ልትሏት ነው?

ሌላው ችኮላችሁ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ኮሽ ባለ ቁጥር መደንገጥ፣ ምግብ አልዋጥ ማለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ላይ ይመጣል፣ ቤተሰብና ጎረቤት ያለው ሰው አብዛኛው እየቆየ ይቀለዋል። ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚቆየው የአእምሮ ህመም ነው ለማለት ቢያንስ 1 ወር ማለፍ አለበት፣ እናንተ በሶስተኛው ቀን ስም ለጥፋችሁበት ትሄዳላችሁ። የባሰበት ሰው የሚታወቀው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው! ጦርነቱ በ2013 መጨረሻና በ2014 ከቆቦ እስከ ኮምቦልቻ ሲያልፍብን ልርዳ የሚል ሰው ጎረፈ፣ በ2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም ደግሞ ያለቀ መሰለው፣ ተኩሱም አልቆመ ሰዉም አልዳነ። ባጃጅ ጭስ ማውጫው ጓ ሲል ዴስክ ስር የሚገባ ተማሪ አውቃለሁ፣ ክፍሉ ይስቅበታል፣ መምህሩም ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶታል፣ ለዚህ ልጅ ማን መጣለት?

እና ምን እናድርግ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ዞን ጤና መምሪያውን ወይ ሆስፒታሉን ጠይቁ፣ ማን ምን እየሰራ እንደሆነ ሳታውቁ ዘው አትበሉ። ከዛ ቅሬው፣ እድራችን ማለት ነው፣ አለ፣ የሀገር አስታራቂዎቹ አባጋሮች አሉ፣ ሼሁም ቄሱም አሉ፣ ሰዉ መጀመሪያ የሚሄደው እነሱ ጋ ነው፣ ለቅሶ የሚቀመጠውም ዱአ የሚያደርገውም እነሱ ጋ ነው፣ ይሄን ኋላቀር እያላችሁ የምትንቁ አላችሁ፣ አፈርኩባችሁ። እነሱን አሰልጥኑ፣ ራሴን ላጥፋ የሚል፣ ከሰው የራቀ፣ ቀን ተሌት የሚጠጣ ሲያጋጥማቸው ወዴት እንደሚልኩት ይወቁ። የጤና ኤክስቴንሽኗስ? የስንቱን ጉድ ሰምታ ማታ ቤቷ ብቻዋን ነው የምትይዘው፣ የራሷም ወንድም ሞቶባት ይሆናል። አዲስ አበባ ሆናችሁ በሳምንት አንዴ ደውላችሁ እሷን ብታዳምጡ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከማናዘዝ ይበልጣል። ከሚሴ ኦሮምኛ፣ ሰቆጣ ኽምጣኛ የሚችል ፈልጉ፣ ሰው ሀዘኑን በተውሶ ቋንቋ አያወራም። መድሀኒት የተቋረጠባቸውንም አትርሱ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ከበፊትም የአእምሮ ህመም የነበረበት፣ መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው፣ ግን ለፎቶ አይመቹም መሰለኝ የሚያነሳቸው የለም።

እናንተም የሰፈር ሰዎች ተዉ እንጂ። ቡና ላይ ጠርታችሁ "ምን አረጉሽ? ስንት ነበሩ?" ምንድነው? ቡናውን ስጧትና ስለልጆቿ፣ ስለዝናቡ አውሩ፣ መናገር ስትፈልግ እሷ ትጀምራለች።

ባለሙያዎቹ ጋ ልመለስ፣ ባነሩን ተዉት፣ ካሜራውን አዲስ አበባ አስቀምጡት፣ ስም ዝርዝር ለማንም አትስጡ፣ ለቀበሌውም ቢሆን። የራሳችሁ ሀዘን ገና ያልወጣላችሁም ትንሽ ቆዩ፣ ነውር የለውም። መንገድ ተዘግቶ መምጣት ያልቻለ በሳምንት 1 ሰዓት በስልክ ይስጥ፣ እሱንም ቢያንስ ለ6 ወር የማይዘልቅበት ከሆነ ከነጭራሹ አይጀምር።